ሃያ ሰባት ሜትር ጥቁር መስመር

ሴት ልጅ ለወደደችው ሰው የማታደርገው የለም፤ ትዋሻለች፣ ታለቅሳለች፣ ከእናቷ ትጣላለች። ጠመኔና ሜትር ይዛ በቀትር ፀሐይ አስፋልት ላይ በጉልበቷ የምትድኸው ግን የፊዚክስ አስተማሪ የሆነች እንደሆነ ብቻ ነው።

ይቺኛዋን ተማሪዎቿ «ቲቸር ዩኒቱስ» ይሏታል። መልሱን «አሥራ ስምንት» ብሎ የሚያቆም ተማሪ በገጠማት ቁጥር «አሥራ ስምንት ምን? ዶሮ? ጣሳ? ዩኒቱስ?» እያለች ስለምታፋጥጥ የወጣላት ስም ነው። ዛሬ የምሳ ሰዓቷን ሠውታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ የተንበረከከችው ከአባቷ የመኪና ጊቢ በር ፊት ለፊት ነው። ከፊቷ ጎማ ያሰመረው ጥቁር መስመር ተጋድሟል። ከኋላዋ ደግሞ መስመሩን አሰመርኩ ያለው ሰው ቆሞ ይነዘንዛታል።

«ተይው አልኩሽ እኮ!»

«ጫፉን ያዝልኝ።»

«አልይዝም።»

«እንግዲያው ድንጋይ ይይዝልኛል። ካንተ ይሻላል፤ አይጨቃጨቅም።» አለችና የሜትሩን ጫፍ ድንጋይ ጫነችበት።

ነገሩ የተፈጠረው ትናንት ነው። ከአባቷ የጭነት መኪኖች አንዱ ሙሉ የመስኮት መስታወት ጭኖ ወደ ጊቢው ሲቃረብ፣ ከቅያሱ የእጅ ጋሪ የሚገፋ ሰው ብቅ አለ። መኪናው ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው እየጮኸና እየጨሰ፣ ጋሪው ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። መስታወቱ ግን የመቆሙን ወሬ አልሰማም ነበርና ጉዞውን ቀጠለ። ጋሪ ገፊው የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ ሳይጎድልበት ቤቱ ገባ፤ ጭነቱ አንድ ሳይቀር ስኳር ሆነ።

ጋቢና ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አባቷ። ባለመኪናው ጋሼ፣ የዓይን ሐኪም መሪ እንዳይነኩ ከከለከላቸው ወዲህ፣ «መንገዱ እንዳይረሳኝ» እያሉ ተሳፋሪ ሆነው ይዞራሉ። ሁለተኛው ሹፌሩ ነው። ጊቢው ሁሉ «ፍሬን» ይለዋል፤ እግሩ ከሐሳቡ ይቀድማል፣ ድመት መንገድ ላቋርጥ ብላ ስታስብ እሱ ቆሟል ይባልለታል። «የነዳሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጥፋቱን የወሰደውም እሱ ነው።

ፍሬን የቲቸር ዩኒቱስ ፍቅረኛ ነው። ይህን ከጫኝና አውራጁ ጀምሮ የማያውቅ የለም። አባቷም ያውቃሉ፤ ያወቁትን አለማወቅ ግን ይችሉበታል። «ልጄን መሪ ለሚጨብጥ አልሰጥም» ብለው ከማሉ ቆይተዋል። የራሳቸው መዳፍ በምን እንደደደረ የሚያስታውሳቸው ደፋር አልተገኘም። ሰው የወጣበትን መሰላል ሲጠላ ለጉድ ነው።

እኒሁ አባት፣ የጎን መስታወት የጫረ ሹፌር ባገኙ ቁጥር ጊቢውን በጩኸት የሚያናውጡት ሰውዬ፣ ትናንት ሙሉ ጭነት ዱቄት ሆኖ ሲያዩ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይሁን። ወጣት ነው። ያጋጥማል።» ሚስታቸው ደንግጠው ግንባራቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ትኩሳት የለም። እራት ላይ ደግሞ ከሾርባቸው ቀና ሳይሉ፣ «ያ ልጅ ክፉ ልጅ አይመስለኝም» አሉ። ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቃል በሾርባ ውስጥ ተንሳፍፎ መጣላት።

ደስታዋን ያበላሸባት ባለመስታወቱ ነጋዴ ነው። «ሰክሮ ነበር፤ እብድ ነው፤ ሰማንያ ላይ ነበር» እያለ የፍሬንን ስም በየሱቁ ሲያዞር አረፈደ። ፍሬን ደግሞ ለእሷ በስልክ የነገራት ሌላ ነው። «በአርባ ነው የነዳሁት። ጋሪውን እንዳየሁ ነው የረገጥኩት።» ይኸው ነው። እሷም ይህችን ይዛ ነው የተነሳችው። በአርባ ከሆነ መስመሩ ይመሰክራል። ነጋዴውን በር ላይ አቁማ፣ ሒሳቡን አስነብባ፣ አፉን በጠመኔ ልትደፍነው ነበር ሐሳቧ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ዘመዷ ሳትሆን አትቀርም።

«ሃያ ሰባት ሜትር» አለች ቀና ብላ። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ትንሽ ደብዘዝ አለ። በአርባ ቢሆን አሥር ሜትር በበቃው ነበር።

«በቃ፤ ለካሽ አይደል? ተነሺ፣ ሰው ያየናል።»

«ይየን።»

ወደ ጊቢው የብረት በር ሄደች። አረንጓዴው ቀለም ላይ ጠመኔው እየተንጫጫ ይጽፍ ጀመር። ስትጽፍ መናገር ልማዷ ነው፤ በሩም ክፍል ሆነላት። «ጎማው ተቆልፎ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲንሸራተት፣ መኪናው በየሴኮንዱ ስድስት ሜትር በሴኮንድ ያህል ፍጥነት ይጥላል። አክስለሬሽኑ ኔጌቲቭ ስድስት ነው። መጨረሻው ዜሮ፤ ቆሟላ። እንግዲህ የመጀመሪያው ፍጥነት ካሬ፣ ሁለት ሲባዛ በስድስት፣ ሲባዛ በሃያ ሰባት። ሦስት መቶ ሃያ አራት። ሥሩ…»

እጇ ቆመ።

«አሥራ ስምንት ሜትር በሴኮንድ» አለች ቀስ ብላ። ልቧ ሲሰበር እንኳ ዩኒቱን አልረሳችም። «በሰዓት ስድሳ አምስት ኪሎ ሜትር ነው ይሄ። አርባ ነው ያልከኝ።»

ፍሬን መሬት መሬቱን አየ።

«ቆይ» አለች፤ ድምፅዋ ልመና ገባበት። «አሸዋ ነገር ነበረበት እንበል። ስድስቱን አምስት ላድርግልህ።» አጥፍታ ጻፈች። ለፍቅር ስትል የመሬትን ጠባይ ስትለውጥ የመጀመሪያዋ ነው። «ሃምሳ ዘጠኝ። አሁንም ሃምሳ ዘጠኝ! ከዚህ በታች ካወረድኩት አስፋልቱ ሳሙና ተቀብቶ ነበር ልል ነው!»

«እሺ ፈጥኜ ነዳሁ!» አለ ድንገት ፍሬን። «ፈጠንኩ! ይኸው! ደስ አለሽ?»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«አንቺስ ለምን ለካሽኝ? ሰው የሚወደውን በሜትር ይለካል?»

«ሰው ሁሉ ሰካራም ሲልህ እኔ ልከራከርልህ ነው በፀሐይ የተጠበስኩት!»

«ማን ላከሽ? የባለመኪና ልጅ መሆንሽ ነው! ሹፌር ሲናገር ማስረጃ ይፈለጋል። ያ እናትሽ የመረጡልሽ ኢንጂነር ‘በአርባ ነበርኩ’ ቢልሽ ሜትር ታመጪ ነበር?»

«አላመጣም! ስለማልወደው ውሸቱ አያቃጥለኝማ!»

ይህን ያለችው በጩኸት ስለነበር የፍቅር ቃል መሆኑን ሁለቱም አላስተዋሉም። ቃሉ ማንም ሳያነሳው አስፋልቱ ላይ ቀረ።

ዘበኛው ከጎጇቸው ወጡ። ጠቡ ከተነሳ ጀምሮ ለመገላገል ሲያኮበክቡ ነበር። «ኧረ ልጆቼ፣ ኧረ በሕግ! የፈጠነም ቢሆን ሰው አልሞተ። እኔ ዓይኔ እያየ አይደል? ጋሪው ከቅያሱ ብቅ ሲል መኪናው ገና እዚያ የመብራት ምሰሶ ጋ ነው። ‘ቁም! ቁም!’ ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ሩቅ ነበር እኮ።»

«የትኛው ምሰሶ?»

«ያ የተጣመመው።»

ፍሬን ዘበኛውን በዓይኑ ገደላቸው። እሷ ግን ሜትሩን እየጎተተች ሄዳለች። ከተጣመመው ምሰሶ ጥቁሩ መስመር እስከሚጀምርበት አርባ አምስት ሜትር። ተመለሰች። አልሮጠችም፤ እየተጠጋች በመጣች ቁጥር ፊቷ እየጠቆረ ነው የመጣው።

«አርባ አምስት ሲካፈል ለአሥራ ስምንት» አለች በሩን ሳታይ። «ሁለት ሴኮንድ ተኩል። ጋሪ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ሰው እየጮኸ፣ አንተ ፍሬን ለመርገጥ ሁለት ሴኮንድ ተኩል ፈጀብህ። አንተ! ‘እንዳየሁ ረገጥኩ’ ነበር ያልከኝ። በአርባ ነበርኩ ካልከኝማ የባሰ ነው፤ አራት ሴኮንድ ይሆናል! በአራት ሴኮንድ ሰው ይተኛል፣ ሕልም ያያል፣ ሕልሙን ያስፈታል!»

የሒሳቡ ክፋት እዚህ ላይ ነው። ፍጥነቱን ዝቅ ባደረገችለት ቁጥር ፍዘቱ ይረዝማል። በአንድ እጇ ይቅር ስትለው በሌላው ትከስሰዋለች።

«ስልክ ነበር» አለች። «ስልክህን እያየህ ነበር። ማን ናት?»

«ምን?»

«ማን ናት አልኩህ! ምን ብትጽፍልህ ነው መንገድ ያሳወረህ? ለእኔ መልስ ለመስጠት ግማሽ ቀን የሚፈጅብህ ሰውዬ!»

ፍሬን ሊናገር ያለውን ቃል እንደ ትኩስ ድንች ጉንጩ ውስጥ ሲያገላብጠው ታየ፤ ዋጠው። መዋጡ ለእሷ ጥፋትን እንደ ማመን ነበር። ሁለት ዓመት ያለፈችበት መንገድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከፊቷ ጠፋ፤ በሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች እንባዋ ውስጥ ይዋኙ ጀመር።

«ምን ጉድ ነው? በሬን ሰሌዳ ያደረገው ማነው?»

ጋሼ ነበሩ። ከኋላቸው ጫኝና አውራጆቹ ነገር እንዳያመልጣቸው ተከትለዋል። «ልጁን እኔ ይቅር ብዬዋለሁ! አንቺ ማነሽ? ከባለንብረቱ በላይ የምታለቅሽ?»

«አባዬ፣ ይሄ ሰው ዋሽቷል።»

«ይዋሽ! ውሸቱ የእኔ፣ መኪናው የእኔ! አጥፊልኝ ይሄን!»

እሷ ወደ አባቷ አልዞረችም። ዓይኖቿ ፍሬን ላይ ናቸው። «ተናገራ!» ብላ ጮኸች። «ማን ናት? ተናገር!» እጇ ላይ ያገኘችውን ወረወረችበት፤ ብረት ለበስ ሜትሩን፣ ፊት ለፊት፣ ግንባሩን ብላ።

ፍሬን ጭብጥ አደረገው።

አላየውም እንኳ። ዓይኑ እሷን እያየ፣ እጁ ብቻውን ሄዶ ሜትሩን ከአፍንጫው ፊት ለፊት ለቀመው። ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ «ፍሬን እኮ ነው!» ብሎ ሳቀ፤ ማንም ስላላጀበው ሳቁን ዋጠ።

ቲቸር ዩኒቱስ ያንን እጅ አየችው። ከዚያ በሩን አየችው። ሁለት ሴኮንድ ተኩል። ይህ እጅ፣ ይህ እግር፣ ሁለት ሴኮንድ ተኩል ሙሉ የት ሊቆም ይችላል? ሒሳቡ ትክክል ነው። ሒሳቡ ውስጥ የገባው ሰው ነው የተሳሳተው።

«የመኪናውን ቁልፍ ስጠኝ» አለችው።

ፍሬን ገባው። ቁጣው ሁሉ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ፍርሃት መጣ። «አታድርጊው» አለ በሹክሹክታ። «የእናትሽ አምላክ፣ ሰው ፊት አታድርጊው።»

ከወገቡ ላይ መንጭቃ ወሰደችው።

«አባዬ፣ ያዝ!»

የወረወረችው በዝግታ ነበር፤ ሕፃን ልጅ በሚይዘው አወራወር። ቁልፉ በአየር ላይ ተንሳፍፎ መጣና የጋሼን ደረት መታ። ወደቀ። እጃቸው የተነሳው ከወደቀ በኋላ ነው።

ማንም አልሳቀም። ጋሼ ጎንበስ ብለው ቁልፉን ፈለጉ። እጃቸው ከጫማቸው በስተቀኝ ያለውን አቧራ ዳሰሰ፤ ቁልፉ የወደቀው በስተግራ ነው። ልጃቸው ይህን አየች፤ ትክክለኛ መልስ ማግኘት እንዲህ የሚያሳፍር ነገር መሆኑን በዚያ ሁሉ ዓመት ትምህርቷ አንድም መጽሐፍ አልነገራትም።

ቁልፉን አንስታ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ጋሼ ጨበጡትና እዚያው በሩ አጠገብ የቆመው መኪና መወጣጫ ላይ ተቀመጡ።

«እስከ በሩ ድረስ ብቻ አልኩት» አሉ ለማንም ሳይሆን። «መሪው ናፈቀኝ። ዕድሜዬን የበላሁበት መንገድ ነው። ትንሽ ጫን አደረግኩት፤ ሞተሩ ሲጮህ እንደ ድሮዬ መሰለኝ። ጋሪውን… ጥላ ነው ያልኩት።»

«አባዬ…»

«ጥፋቱን ውሰድልኝ አልኩት። እናትሽ ከሰማች ጋቢና እንኳ አታስወጣኝም። እሱም ወሰደልኝ፤ የጨዋ ልጅ ነው። እኔም ለውለታው… እሰጥሃለሁ አልኩት።»

«ምኑን?»

«አንቺን ነዋ! ሌላ ምን አለኝ?»

ዘበኛው ወደ ጎጇቸው መለስ አሉ። አንዳንድ ነገር በመስኮት ሲያዩት ይሻላል።

የሾርባው ተአምር ይህ ነበር እንግዲህ። ውስጧ የነበረው ሐዘኔታ እንደ ቤንዚን ተቀጣጠለ። «ሰጠኸኝ? ዓይኔ አላይ ስላለኝ፣ መስታወት ስለሰበርኩ፣ ልጄን እንካ?»

«ምን አጠፋሁ?» ጋሼም ተቆጡ፤ ሲያፍሩ የሚያውቁት ነገር መቆጣት ብቻ ነው። «ስትፈልጊው አልነበር? ስታለቅሺበት አልነበር? ይኸው ሰጠሁሽ! ስከለክል ክፉ፣ ስሰጥ ክፉ!»

ወደ ፍሬን ዞረች። «አንተስ? እሺ አልክ?»

«እሺ አልኩ።»

«ሁለት ዓመት ‘አባቴን አናግረው’ ስልህ፣ ‘ቀስ እንበል’ ነበር መልስህ። ለእኔ ብለህ ያልከፈትከውን አፍ ለውሸት ከፈትከው! አንድ መኪና ስብርባሪ። ዋጋዬ ይኸው ነው?»

«ላጣሽ ፈርቼ ነው!»

«እኔን አልጠየቅከኝም! ሁለታችሁ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ስትሻሻጡ፣ ‘ለመሆኑ ልጅቷስ ምን ትላለች’ ያለ አለ? ጋሪው እንዳልታየ እኔም አልታየኋችሁም!»

ፍሬን የያዘውን ሜትር መሬት ላይ አኖረ። ቀና ሲል ፊቱ ገርጥቷል። ወደ ጋሼ ሄዶ ፊታቸው ቆመ።

«ጋሼ፣ የሰጡኝን ቃል ይውሰዱልኝ። አልፈልገውም።»

«ምን አልክ?»

«ትናንት የነዱት እርስዎ ነዎት። ባለመስታወቱ ከሰዓት ሲመጣ እንደዚያው ነው የምነግረው። የእርስዎን ጥፋት የተሸከምኩት ወድጄ ቢሆን ኖሮ እሸከመው ነበር። በልጅዎ ግን አልሸከምም።»

«እንግዲያው ከዚህ ጊቢ ውጣ!» ጋሼ ዘለው ተነሱ። «ሥራም የለህ! ልጅም የለህ! መኪናዬን ብትነካ እጅህን!»

«እወጣለሁ።»

ጃኬቱን ከመኪናው በር ላይ አንስቶ ትከሻው ላይ ጣለ። በእሷ አጠገብ ሊያልፍ ሲል ግን እግሩ እንቢ አለው። ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንደ ፍቅረኛ ሳይሆን ጠብ እንደ ፈለገ ሰው ነው ያፈጠጠባት።

«አንቺም ስሚ!» ብሎ ጮኸ። «ተናድጄብሻለሁ! ሌላ ሴት አለህ ብለሽኛል፣ በድንጋይ ለውጠሽኛል፣ በብረት ልትፈነክቺኝ ነበር! ሥራ የለኝም፣ የማድርበትንም ቤት የምከፍለው በዚሁ ሥራ ነበር! ቢሆንም እጠይቅሻለሁ! አባትሽን አይደለም፣ አንቺን! ታገቢኛለሽ ወይስ አታገቢኝም?»

 ጋሼ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚያዩ ጠፍቷቸው ቆሙ።

«አላገባህም!» አለችው፤ ድምፅዋ ከብረቱ በር ተላትሞ ተመለሰ። «ውሸታም! አላገባህም! ሂድልኝ!»

ጀርባዋን ሰጠችው። ጠመኔ የነካውን እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከጣቶቿ ሥር ሊያመልጣት የሚታገለው ግን ሳቅ እንጂ ለቅሶ አልነበረም። ንዴቱ አለ፣ ሳይበርድ፣ እንደ ተጣደ። ቢሆንም ከሥሩ ሌላ ነገር ፈላ። የተጠየቀችው እሷ ነበረች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እሷ ራሷ። እምቢ ማለት እንዲህ አንጀት የሚያርስ ነገር መሆኑን እስከ ዛሬ ማንም አልነገራትም ነበር።